የጠረግኩት ስምንት ቁጥር

«ደንቡ ሴት አትወዳደር አይልም፤ እሱስ ልክ ነዎት» አሉ ኮሎኔል ሃርግሪቭ፣ የሻይ ሲኒያቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ። «ግን ሚስ ቶርሊ፣ ፈረስ አይወዳደር ብሎም እኮ አልጻፈም። እስከ ዛሬ ቅጽ ሞልቶ ያመጣ ፈረስ ስለሌለ ነው።»

«ቢያመጣማ ትቀበሉት ነበር» አለች አክስቴ ቪኒ። «ወንድ ፈረስ እስከሆነ ድረስ።»

አያቴን ሻዩ ትን አላት። እኔ ከሶፋው ጀርባ ተወሽቄ ጆሮዬን ቀስሬ ነበርና በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ፈረስ! በበረዶ ላይ! ከአክስቴ ጋር! ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ፈረሱን ነው እንጂ ውድድሩን አልነበረም። ስለት ያለውን ጫማ አራቱም እግሮቹ ላይ ማን እንደሚያስርለት፣ ማሰሪያውስ ቢፈታበት ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ምግብ አልበላ አለኝ።

ንጉሥ ኤድዋርድ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ የካቲት ወር ነበር። አክስቴ አባል የሆነችበት የለንደን የበረዶ ሸርተቴ ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ ለብር ዋንጫ ያወዳድራል፤ ያሸነፈ ስሙ ዋንጫው ላይ ይቀረጻል። እስከዚያን ጊዜ የተቀረጹት ሁሉ የወንድ ስሞች ናቸው። አክስቴ የማኅበሩን መተዳደሪያ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ «ማንኛውም አባል» ይላል፤ ሌላ ነገር አይልም። እሷ ደግሞ አባል ናት፤ አባቷ ሳይሞት በፊት በእጁ ያስመዘገባት። ቅጹን ሞልታ ላከች። ማኅበሩ ስድስት ሳምንት ተጨቃጨቀ። መጨረሻ ላይ ዋናው ዳኛ ኮሎኔል ሃርግሪቭ በሽምግልና መልክ ቤታችን መጥተው ያንን የፈረስ ነገር አመጡ።

«ከተሸነፍሽስ?» አለቻት አያቴ ኮሎኔሉ እንደወጡ። «መሳቂያ ልትሆኚ ነው።»

«እኔ ከተሸነፍኩማ ‹ይኸው ሴት መጣች፣ አየናት፣ አልቻለችም› ይሉና ነገሩ በዚያው አለቀ። ከእኔ በኋላ ማንም አትጠይቅም» አለች አክስቴ። «ስለዚህ እማዬ፣ አልሸነፍም።»

«ላግባሽ ያለሽን የባንኩን ሰውዬ እምቢ ያልሽው ለዚህ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ!»

«የብብቴ እኮ ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ጉበቱ ነበር።»

አክስቴ ቪኒ እንዲህ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቁመተ ረጅም፣ ሳቋ ከሁለት ክፍል ማዶ የሚሰማ። እኔን ካሳደጉኝ ከአያቴና ከእሷ መካከል አንዷን ምረጪ ቢሉኝ እሷን ለመምረጥ ትንፋሽ እንኳ አልወስድም ነበር።

ቀጥሎ የቀሚሱ ጉድ መጣ። መሬት የሚጠርገውን ቀሚስ ለብሳ ስትለማመድ ዳኞቹ «እግርዎ ስለማይታየን መፍረድ አንችልም» አሏት። እሷም መቀስ አንስታ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆረጠችው። አሁን ደግሞ «እግርዎ ታየን» ብለው ደብዳቤ ጻፉ። አያቴ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አንብባ ስትጨርስ ማንን እንደምትቆጣ ግራ ገባት። እኔ ግን ከወለል የተሰበሰበውን ቁራጭ ለአሻንጉሊቴ ካባ አደረግኩላት፤ ከነገሩ ሁሉ የተጠቀመችው እሷ ብቻ ናት።

እዚህ ላይ የአያቴን የምግብ ጠረጴዛ ማንሳት አለብኝ፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ጠረጴዛው ከአያቷ የወረሰችው፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ጥቁር ቀይ እንጨት ነበር። እንግዳ መጥቶ በሄደ ቁጥር አያቴ መነጽሯን ታደርግና በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ጉንጯን ጠረጴዛው ላይ ልታስነካ ጥቂት እስኪቀራት ድረስ ዝቅ ብላ ጭረት ትፈልጋለች። ጭረት ከተገኘ የሆነ ሰው ይቀጣል። እኔ አንዴ በሹካ የሠራሁት ተገኝቶብኝ የሦስት እሑድ ጣፋጭ ፑዲንግ ቀርቶብኛል። እና በሰባት ዓመት ዕውቀቴ አንድ ነገር አጥብቄ አውቅ ነበር፦ ትልልቅ ሰዎች መነጽር አድርገው ከተንበረከኩ ጭረት እየፈለጉ ነው፤ ካገኙም ወዮለት ለጫረው።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። እርጥብ ሱፍ፣ የከሰል ጭስ፣ ከበረዶው በታች ካለው የማቀዝቀዣ ማሽን የሚመጣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ፤ ከላይ ከሰገነቱ የሴቶች ባርኔጣ ላባ እንደ ጫካ ይወዛወዛል። አያቴ «እኔ እዚያ ነገር ላይ አልገኝም!» ብላ ስትምል ከርማ፣ ሰው እንዳይለያት ፊቷን በጥቁር ዓይነ ርግብ ሸፍና የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አክስቴ ከእንጨቱ አጥር በር ላይ አቆመችኝና ካፖርቷን አሸከመችኝ።

«ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ፣ ፕሩ። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ። ፈረሱ የት አለ?»

«የቱ ፈረስ?»

«ኮሎኔሉ ያሉት። የሚወዳደረው።»

መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ አጥሩን ይዛ እስክትጎብጥ ድረስ ሳቀች። ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩን። ከዓመታት በኋላ እንደነገረችኝ ከሌሊት ጀምሮ ጉልበቷ እንጨት ሆኖባት ነበር፤ ያን ጊዜ ስትስቅ ነው የተፍታታላት። እኔ ግን ፈረሱ እንደማይመጣ ሲገባኝ ፊቴን ካፖርቷ ውስጥ ቀበርኩ።

ዕጣ በኮፍያ ተወጣ። መጀመሪያ ወንዶቹ እጃቸውን ሰደዱ፤ «ወይዘሪቷ እንዳትገፋ» ተብሎ አክስቴ ከዳር ቆማ ጠበቀች። ለእሷ አንድ ወረቀት ቀረላት፦ አምስት ቁጥር። አምስተኛው ተወዳዳሪ የሚሠራበት ቦታ ከሙዚቀኞቹ መድረክ ሥር ያለው ጥግ ነው፤ ሙዚቀኞቹ ጣታቸው እንዳይደርቅ ትልቅ ምድጃ ተጥዶላቸው ነበርና የዚያ ጥግ በረዶ ላብ አውጥቷል። የአምናው አሸናፊ ሚስተር ፔንሮዝ፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የተከረከመ ሰው፣ ጥጉን አዩት። ኮሎኔሉንም አዩዋቸው።

«ዕጣው ብልህ ነው፣ ኮሎኔል» አሉ። «ማንን የት እንደሚጥል ያውቃል።»

ኮሎኔሉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እኔ ዕጣው የተመሰገነ መስሎኝ ለአክስቴ ደስ አለኝ።

ውድድሩ የሚጀምረው በስምንት ቁጥር ነው። በአንድ እግር አንድ ክብ፣ በሌላው እግር ሌላ ክብ፤ እንዲህ ሦስት ጊዜ። ችሎታው ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር በመጀመሪያው መስመር ላይ ልክ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ይህን አሁን ነው የምነግራችሁ፤ ያን ጊዜ ለእኔ የነገረኝ የለም። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ተወዳዳሪው ዞሮ ሲጨርስ ሦስት ሽማግሌ ዳኞች በጎማ ጫማቸው እየተንገዳገዱ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው ተንበረከኩ! ኮሎኔሉማ በሆዳቸው ሊተኙ ምንም አልቀራቸው።

ጭረት እየፈለጉ ነበር።

አገኙም። የመጀመሪያው ሰውዬ መስመሮች እንደ ባቡር ሐዲድ ተለያይተዋል፤ ኮሎኔሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ፣ ሰውዬው ፊቱ ጨለመ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። ሚስተር ፔንሮዝ ሲሠሩ ግን ሦስቱም ዙር አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ተዉ፤ ዳኞቹ ተንበርክከው ፈገግ አሉ። በቃ፣ ገባኝ! ጭረት ያበዛ ይቀጣል፣ ያሳነሰ ይመሰገናል። ልክ እንደ አያቴ ጠረጴዛ። አንድም ጭረት ያልተገኘበትስ? እሱማ ዋንጫውን ይወስዳል!

የአክስቴ ተራ ደረሰ። ሙዚቃው ቆመ፤ ሰገነቱ ላይ ሳል እንኳ ጠፋ። ቀኝ እግሯን ገፋ አደረገችና ሄደች። አቤት አክስቴ! እጆቿ ከወገቧ ትንሽ ራቅ ብለው፣ አገጯ ቀና ብሎ፣ ማንም ሳይገፋት እንደምትሄድ ጀልባ። ስለቱ በረዶውን ሲቆርጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማኛል። አንደኛ ዙር። ሁለተኛ ዙር። በሦስተኛው፣ ከምድጃው አጠገብ ስትደርስ ቀሚሷ ትንሽ ተርገበገበ፤ ሌላ ምንም አልታየም። ጨርሳ ወጣች። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እሷ ግን ፊቷ ነጭ ሆኖ፣ ሚስተር ፔንሮዝ ከቆሙበት አጠገብ ሄዳ ሥራዋን ወደ ኋላ ዞራ አየችው።

እኔም አየሁት። ጭረት! ከምድጃው በኩል፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለው ጭረት!

ኮሎኔሉ መነጽራቸው ጉም ለብሶባቸው በመሐረብ ይወለውሉ ነበር። ሁለቱ ዳኞች ክንዳቸውን ይዘው ይጠብቋቸዋል። ከአጥሩ ጋር የበረዶ መጥረጊያ ተደግፏል። ካፖርቱን ጣልኩት። ቃሌንም ከካፖርቱ ጋር ጣልኩት። መጥረጊያው ከእኔ ይረዝም ነበር፤ እየጎተትኩ፣ እየወደቅኩ፣ እየተነሳሁ ጥጉ ጋ ደረስኩና መጥረግ ጀመርኩ። በመጥረጊያ ጠረግኩ፣ በጓንቴ ፈተግኩ፣ በጫማዬ ረገጥኩ። በረዶው ለስላሳ ነበርና እንደ ገንፎ ታመሰልኝ።

«ያዟት! ኧረ ያቺን ልጅ ያዟት!»

«የማን ናት?»

«አክስቴ!» ብዬ ጮህኩ በመቀመጫዬ ወድቄ፣ መጥረጊያውን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጌ። «ጠረግኩልሽ! አንድም ጭረት የለም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ በላይ ከሰገነቱ «ፕሩደንስ ቶርሊ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ስለዚህ አያቴ ከዓይነ ርግቡ ሥር ማን እንደሆነች ለንደን በሙሉ አወቀ። እየሳቁ ያሉት በደስታ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ። አክስቴን ፈለግኳት። አልሳቀችም። አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«ፈረስ ይሻል ነበር» አሉ ኮሎኔሉ። «ፈረስ መጥረጊያ አይዝም።»

«እንግዲህ የሚታይ ነገር የለም፤ ዜሮ ነው» አለ አንዱ ዳኛ።

ዜሮ ማለት ምንም ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ያኔ ነው ሳቄ የቆመው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ፤ ግን ምድር አልነበረም፣ በረዶ ነበር።

ሚስተር ፔንሮዝ ወደ መሃል መጡ። «ይቅርታ፣ ክቡራን። አዳራሹ የእኛ፣ መጥረጊያው የእኛ፣ አጥሩን የሚጠብቅ ሰው ማቆምም የእኛ ፋንታ። የሰባት ዓመት ሕፃን ስትገባ ሁላችንም ቆመን አይተናል። ጥፋቱ የማኅበሩ ነው። ወይዘሪቷ ትድገም፤ እዚያ መሃል ላይ፣ ደህና በረዶ ላይ።»

ዳኞቹ ተንሾካሾኩ። ኮሎኔሉ ቀና አሉ።

«ሚስተር ፔንሮዝ፣ እርስዎ አጠገቡ ነበሩ። የመጀመሪያውን አይተውታል? ምን ይመስል ነበር?»

አክስቴ አፏን ከፈተች። ሚስተር ፔንሮዝ ግን ቀደሟት።

«ዓይኔ ደካማ ነው፣ ኮሎኔል።»

አዘንኩላቸው። ያንን የመሰለ ሰው፣ ዓይኑ የማያይ! ሳድግ ከአንድ አሮጌ ጋዜጣ እንዳየሁት፣ ሚስተር ፔንሮዝ በዚያው በጋ የኢላማ ተኩስ ሽልማት ወስደዋል።

አክስቴ ወደ መሃል ስትሄድ ጉልበቷን በጡጫዋ መታ መታ አደረገች። ሙዚቀኞቹ ሳይቀሩ ከወንበራቸው ተነሱ። ሄደች፤ አንድ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ሁለት። ሦስት ላይ ዓይኔን ልጨፍን ብዬ አልቻልኩም፤ ስለቱ አሮጌው መስመር ውስጥ ክር መርፌ ውስጥ እንደሚገባ ሲገባ አየሁት! ሦስቱ ሽማግሌዎች ተንበረከኩ። ኮሎኔሉ ተኙ፤ በእውነት በሆዳቸው ተኙ። ብዙ ቆዩ። በክንዳቸው ተደግፈው ሲነሱ ጢማቸው ላይ በረዶ ነበር።

«አንድ መስመር ነው» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። «የሚያሳዝነው ነገር፣ አንድ መስመር ነው።»

ሰገነቱ ተናጋ! ባርኔጣ ወደ በረዶው ወረደ፣ ጓንት ወረደ፣ አንዲት ሴትማ ጃንጥላዋን ወረወረች። ከዚያ በሙዚቃ፣ ተወዳዳሪው እንደፈለገ የሚሠራው ነጻ ክፍል መጣ፤ አክስቴ ያንን ስትሠራ ምን እንዳደረገች ዛሬ አላስታውስም፣ ራሴም እየዘለልኩ ስለነበር። የማስታውሰው ኮሎኔሉ ወረቀቱን ከፍተው፣ አጥፈው፣ እንደገና ከፍተው «በአንድ ነጥብ ብልጫ፣ ሚስ ላቪንያ ቶርሊ» ብለው አክስቴን በሙሉ ስሟ ሲጠሯት ነው። መጀመሪያ ያጨበጨቡት ሚስተር ፔንሮዝ ነበሩ። አክስቴ ዋንጫውን ይዛ ወደ እኔ መጣችና ተንበርክካ ፊቷን ፀጉሬ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። የደስታ ነው አልኩ።

በጋሪ ስንመለስ አያቴ እኔን ትቆጣ ጀመር። «አክስትሽን ገደል ልትከቻት ነበር፤ ታውቂያለሽ? ሚስተር ፔንሮዝ ባይኖሩ ኖሮ የሕይወቷን ነገር በመጥረጊያ ጠርገሽ ጥለሽው ነበር!» እኔ ተንሰቀሰቅኩ። አክስቴ አንድ ቃል ትናገርልኛለች ብዬ አየኋት። በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበር።

በዓመቱ ማኅበሩ ተሰብስቦ ደንቡን «ማንኛውም ወንድ አባል» ብሎ አረመው። የሴቶች ዋንጫ ለብቻው ተቋቋመ፤ አክስቴ እሱንም አራት ጊዜ ወሰደች። ሰፈር ሙሉ ሴት ልጅ አስተማረች። እኔን ግን አላስተማረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በረዶ ላይ እግሬን ባሳርፍ የሆነ ነገር የማበላሽ ይመስለኝ ነበር። በየገናው አያቴ «አክስትሽን ይቅርታ ጠይቂ» ትለኛለች፤ እጠይቃለሁ። አያቴ ከሞተች በኋላም አልተውኩም። አክስቴ ሁልጊዜ «ተይው፣ አለፈ» ትልና ፊቷን ታዞራለች። ዛሬም የሚያማት መሰለኝ።

አርባ አንደኛው ገና ላይ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ፣ ከሰል እንደ ወርቅ በሚቆጠርበት ዓመት፣ ሁለታችንም ካፖርታችንን እንደለበስን ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። እሷ ስልሳ ስምንት ዓመት፣ እኔ ባል የቀበርኩ ሴት። እንደ ልማዴ ይቅርታዬን ጀመርኩ። እጇን አነሳች።

«በቃሽ። ያ የመጀመሪያው ስምንት የተበላሸ ነበር፣ ፕሩ።»

«ምን?»

«ምድጃው ጋ እግሬ ከዳኝ። መስመሩ ተሰነጠቀ። ቀሚሴ ሸፈነው፣ ዳኞቹ አላዩም፤ ተንበርክከው ቢሆን ግን ያገኙት ነበር። ስንተኛ እንደምሆን ስንት ጊዜ አሰላሁት፤ አራተኛ ነበር የምወጣው። አራተኛ! ‹ሴት መጣች፣ አየናት› ብለው ይዘጉት ነበር። ያዳንሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ሚስተር ፔንሮዝ...»

«አይተውታል። ከመሞታቸው በፊት ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹ያን ጥግ የሰጡሽ ጓደኞቼ ናቸው፤ አፈርኩ› አሉኝ። እኔ ልናገር ነበር፣ ፕሩ፤ አፌን ከፍቼ ነበር። ሲቀድሙኝ ግን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ለአንቺ ከነገርኩ ዓለም የሚሰማ መሰለኝ። ‹ሴት አሸንፋለች› የሚለውን ነገር የሚነካ ነገር ማንም እንዲያውቅ አልፈለግኩም። ስለዚህ አንዲት ሕፃን ዕድሜዋን ሙሉ እንድትሸከምልኝ ተውኳት። ይቅር በይኝ።»

መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው፤ አልዋሽም። አርባ አንድ ገና! ከዚያ ግን ሌላ ነገር ተነሳ። አላበላሸሁም! ያ መጥረጊያ፣ ያ መውደቅ፣ ያ መጮህ፣ ዋንጫውን ያመጣሁት እኔ ነኝ! ተነስቼ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ሳቅ አሸነፈኝ፣ እንባዬም መጣ፣ አክስቴ የቱን እንደምትከተል ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ይቅርታውን እንዲህ በቀላሉ አታገኚውም» አልኳት። «እኔ አርባ አንድ ጊዜ ጠይቄሻለሁ። አንቺም አርባ አንድ ጊዜ ትጠይቂኛለሽ።»

«እሺ» አለች ወዲያው። ያቺው ቪኒ ናት፤ ውድድር ስትሰማ ዓይኗ ይበራል። «አንድ በይ።»

ቃሏን ጠበቀች። በየገናው መጣች፤ በአውቶብስ፣ በባቡር፣ አንዴ እንዲያውም ሁለት ምርኩዝ ይዛ በእግሯ። በስድስተኛው ዓመት ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ከበሩ ላይ «ይቅር በይኝ!» ብላ ስትጮህ፣ ትንፋሿ ማጠሩን፣ ጉልበቷ መንቀጥቀጡን አየሁና አንጀቴ አልቻለም።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ አክስቴ። ጨርሰሻል።»

ምርኩዟን መሬት ላይ መታችው።

«አልጨረስኩም! ሠላሳ አምስት ይቀረኛል። ይኼን እንኳ በሐቅ ልጨርሰው፤ ሳልጨርስ አትፍረጂልኝ!»